ሰሜን የሚያይ ሶፋ

«ክፍሉ እኮ ባዶ ነው፤ ማንም አይኖርበትም።» ይህን የሰማሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባዶ ነው በተባለው ክፍል መሀል ቆሜ ብሩሽ ስጠርግ ነው። ተናጋሪዋ የወንድሜ ሚስት ናት። ኩሽናውንና የኔን የሥዕል ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ እሷ በስልክ ስታወራ ከደወለላት ሰው ይልቅ አጥርቼ የምሰማት እኔ ነኝ። «ኧረ የለም፣ እሷማ የምትተኛው ከልጄ ጋር ነው። እዚያ ያለው ዕቃዋ ብቻ ነው፤ የደረቀ ሽንኩርት፣ ጠርሙስ፣ ምናምን…» አለችና ሳቀች። «ዛሬ እትዬ ይመጡና ቁርጡ ይታወቃል። አንዴ እሳቸው እሺ ካሉ አሮጌውን ሶፋ እዚያ እከተዋለሁ፣ እኔም በገዛ ሳሎኔ እንደ ሰው ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።» ምናምን የተባለው የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ መሆኑ ነው። አርባ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ በስተመጨረሻ ክፍሌን ሊቀማኝ የተነሣው ሰው እንኳ አይደለም፣ ሶፋ ነው። ድንቄም ባላንጣ!

ሶፋውን ግን ማማት አልፈልግም፤ አሮጌ ይባል እንጂ አሮጌ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ የኖረ ነው። የሚቀመጥበት እንግዳ ብቻ ነበር፤ እንግዳውም ሲቀመጥ ላስቲኩ ስለሚንጫጫ አፍሮ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ይልና ሻዩን ሳይጨርስ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሶፋ ተገዛ፤ ግራጫ፣ ሰፊ፣ ዋጋውን ወንድሜ ሲጠየቅ የሚያስነጥሰው ዓይነት። አሮጌው ይሸጥ ሲባል የወንድሜ ሚስት «ሰው በደንብ ተቀምጦበት የማያውቅ ዕቃ እንዴት ይሸጣል?» ብላ ተቆጣች። ለልጅቷ ትዳር ይቀመጣል ተባለ። ልጅቷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባል ይቅርና የሒሳብ ፈተና እንኳ አላለፈችም። እንግዲህ ባሏ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሽማግሌ እስኪልክ ድረስ ሶፋው ማረፊያ ያስፈልገዋል። እስከዚያው ሳሎኑ ሁለቱንም ሶፋ ችሎ፣ እኛ በመሀላቸው በጎን በጎን እየሄድን፣ ጉልበታችንን እያጋጨን አንድ ሳምንት ከርመናል።

ክፍሉ ደግሞ ምን አለው ለሚለኝ ሰው፣ መስኮት አለው። ወደ ሰሜን የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት። ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይዋዥቅም፤ ጠዋት የጀመርኩት ሽንኩርት ከሰዓት በኋላ ስመለስበት ያው ሽንኩርት ሆኖ ይጠብቀኛል። የኔ ሥራ እንደ ገበሬ ሥራ በወቅት ነው የሚሄደው። ደረቁን ጊዜ ከከተማ ወጥቼ ኮረብታና ሜዳ እስላለሁ። ዝናቡ ሲገባ ሸራ ይዞ ደጅ መቆም የለም፤ የዘይት ቀለምና ዝናብ እንደ አማትና ምራት ናቸው፣ ባንድ ላይ አይውሉም። ያኔ ወደ ክፍሌ እገባና አራት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የደረደርኩትን እስላለሁ፤ ዱባ፣ ጠርሙስ፣ እንቁላል፣ አፏ የተሸረፈ ማንቆርቆሪያ። በደረቁ ጊዜ የሳልኩትም ቢሆን በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ቀለም ስለሆነ እስኪጠና ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ግድግዳው ዙሪያውን እርጥብ ሸራ ተደግፎበታል። አሥራ አንድ ሸራ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቀለም የማቀጥንበት የአኳራጅ ጠርሙስና አንድ ሠዓሊ። ባዶ የተባለው ይሄ ነው።

ከቤተሰቡ ጋር በዝናብ ወራት የምንጣላው በሌላ ነገር አይደለም፣ በሆድ ነው። እኔ ልስለው የገዛሁትን እነሱ ይበሉታል። ባለፈው ዓመት አንድ ዱባ ገዝቼ፣ ቅርፊቱ ላይ ያለው ግራጫ ከየትኛው ቀለም እንደሚወጣ ሳጣ ሦስት ሳምንት ታግዬ፣ ገና አገኘሁት ስል አንድ ቀን ከውጪ ስገባ ዱባው ሾርባ ሆኖ ጠበቀኝ። «ሊበላሽ ነበር እኮ!» አለች የወንድሜ ሚስት ሳህን እየዘረጋችልኝ። በላሁ። ጥሩ ሾርባ ነበር፣ ሐሰት አልናገርም። ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ግማሽ ዱባ ነው፤ አንድ የሆቴል ባለቤት አይቶት «ግማሹን ምን በላው?» ብሎኛል።

እትዬ የአባታችን ታላቅ እህት ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት። አባታችን ሲሞት ቤቱን ለኔና ለወንድሜ እኩል ትቶ፣ መጨረሻ ላይ «እህቴ ሳታውቅ ሚስማር እንኳ እንዳትነቅሉ» ብሎ ሄደ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ግን ወንድሜ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱን አለቃ ፊት ለፊት ሲሟገት የሚውል ሰው፣ ለእትዬ ስልክ ሲያነሣ ከወንበሩ ይነሣል። እኔም ብሆን ያው ነኝ። እትዬ አንድ ነገር ካሉ አለቀ፤ ሕግ ማለት እሳቸው ናቸው። በሩን ቀለም ለመቀባት እንኳ ደውለን አስፈቅደናል፣ ቡኒ ብለዋል፣ ቡኒ ሆኗል።

ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። የወንድሜ ሚስት የባንክ ደንብ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አንዱን ከጫማ ውጪ አድርጋ ሳመቻቸው፣ በሁለቱ ሶፋ መሀል አሳልፋ አዲሱ ላይ አስቀመጠቻቸውና ወደኔ ዞረች። «እታለም፣ አንቺ መቼም ቤት ነሽ። እስከ አሥር ሰዓት እትዬን ትይዥልኛለሽ?»

«ዛሬ እኮ ሥራ አለብኝ» አልኳት።

«አዎ፣ አዎ፣ መሳልሽን አውቃለሁ። ማለቴ፣ ሥራ የለብሽም አይደል?»

በዚህ ቤት «ቤት ነሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ዓመት ተምሬዋለሁ። ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ በር የምከፍተው እኔ፣ ጋዝ ሲመጣ የምፈርመው እኔ፣ ልጅቷን ሲያተኩሳት ግንባሯን የምዳብሰው እኔ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል የኔን ስም መጥራት ረስተው ነው። የዛሬው ግን በተለይ አንገበገበኝ። የዓመቱ የመጨረሻ ደረቅ ሳምንት ነበር፤ ደመናው ከሩቅ መቋጠር ጀምሮ፣ የምስለው ኮረብታ ላይ በዓመት አንዴ ብቻ የሚወርደው ያ የቆሸሸ ወርቅ የመሰለ ብርሃን የወጣበት ሳምንት። አፌን ለእምቢታ ከፍቼ ሳለ ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። የኔን ክፍል ጉዳይ የሚቆርጡት እትዬ ናቸው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ከኔ ጋር ሊውሉ ነው። ከሳሼ ራሷ ዳኛውን እጄ ላይ ልታስረክበኝ! «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አልኩ፣ በጣም ጣፋጭ በሆነ ድምፅ። የወንድሜ ሚስት ተጠራጠረች፤ ግን ሰዓት ደርሶባት ሄደች።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ልመና አልወድም፤ ስለ ክፍሉ አንዲት ቃል አልተነፍስም። እትዬን ይዤ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ፣ ስሠራ ያዩኛል፣ ሥዕል ሥራ መሆኑን በዐይናቸው ካዩ ሌላው ይከተላል። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው። ማጠፊያ ወንበሬን፣ የቀለም ሳጥኔን፣ ማቆሚያዬንና ሸራዬን ተሸክሜ፣ እትዬን በክንዳቸው ይዤ ታክሲ ተራ ደረስን። ሹፌሩ ሸራውን ሲያይ «ይሄ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፈልበታል» አለ። እኔ ሁልጊዜ እከፍላለሁ፤ ሸራዬ በዚህ ከተማ ሙሉ ሰው ሆኖ የሚቆጠረው ታክሲ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ደስም ይለኛል። እትዬ ግን «ቆሞ የሚሄድ ነገር ወንበር አልያዘብህ፤ የምን ሒሳብ ነው?» ብለው አፈጠጡበት። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ሸራውን ራሱ ጫነው። ይቺን ምላስ አሥር ሰዓት ላይ ከጎኔ ባገኛት ብዬ ተመኘሁ።

የምስለው ቦታ የሚያምር ቦታ አይደለም። ከከተማው ጫፍ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣ ድንጋይ ተፈልጦ የተተወ ኮረብታ ነው፤ ግማሽ ጎኑ ተቦርቡሯል፣ አናቱ ላይ የመብራት ኃይል የብረት ምሰሶ ቆሟል፣ ከሥሩ ሰው ቆሻሻ ይጥላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልኩት። ዝናብ እንዳቆመ ሰሞን ዐይን የሚያስለቅስ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አልወደውም፣ እንደ አዲስ ሀብታም ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ሣሩ ከጫፉ መገርጣት ሲጀምር ነው የምመጣው። ነፋሱ ሲነሣ አፈሩ ይገለጥና ቀይ ይወጣዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ነገር አመድ ይመስላል፣ የሰው ፊት ጭምር። ከዚያ ይሄ ሳምንት ይመጣል፤ ሰማዩ ጠቁሮ መሬቱ ገና ብርሃን የያዘበት፣ ከላይ ወደ ታች መሆን ያለበት ነገር ሁሉ የተገለበጠበት። ሦስት ዓመት ሞክሬ ሦስቱንም ዓመት ስቼዋለሁ። አንዱን ዓመት ዝናቡ ቀደመኝ፤ አንዱን ዓመት የወንድሜ ሚስት ፍሪጅ የሚያመጡ ሰዎች እንድጠብቅ ቤት አስቀረችኝ፣ ሰዎቹም በማግስቱ መጡ።

እትዬን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳቸውና እኔ ቆሜ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ደራርበው አንዴ ኮረብታውን፣ አንዴ ሸራውን እያዩ ሲመረምሩኝ ቆዩ። የፈተና ተቆጣጣሪ ጀርባዬ የቆመ መሰለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ምሰሶ የት አለ?»

«ተውኩት እትዬ።»

«እዚያ ቆሞ እያየሽው?»

«አዎ። ካላስፈለገኝ እተወዋለሁ።»

«መተው ይቻላል?»

«ይቻላል።»

እትዬ ምሰሶውን እንደገና አዩት። «እኔ ይሄን ባወቅሁ ኖሮ ስንቱን በተውኩ!» አሉና እየተንከተከቱ ሳቁ፤ ምርኩዛቸው ወደቀ። እትዬን ስቀው አይቻቸው አላውቅም። ለቅሶ ቤት እንጂ ሳቅ ቤት አብረን ተቀምጠን ስለማናውቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀለም ሲደባለቅ ማየት አማራቸው፤ ወንበሩን ከነእሳቸው ወደ ጎኔ ጎተትኩት። ቢጫው ሲያልቅብኝ ጨመቅ ጨመቅ ሳደርግ አይተው ዋጋውን ጠየቁ፤ አንዷ ትንሽ ቱቦ የኪሎ ሥጋ ዋጋ ታወጣለች ስላቸው «ታዲያ ቆጥበሽ ቀቢያ!» ብለው ተቆጡኝ። አንድ ሰዓት እንዳለፈ ድንገት ክንዴን ያዙኝ። «ጥላው እኮ ጥቁር አይደለም!» አሉ። «እይው፣ ከዚያ ጉድጓድ ሥር ያለውን። ሐምራዊ ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ጥላ ጥቁር ነው ብዬ!» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ነበረበት፣ የሆነ ሰው ሰማንያ ዓመት እንዳታለላቸው ዓይነት። እኔ ይህን ለማየት ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ፈጅቶብኛል። አንጀቴን በሉት። እዚያው ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥዕሉ እየመጣልኝ ነበር፤ ሦስት ዓመት የሸሸኝ ብርሃን በገዛ እግሩ ሸራዬ ላይ እየተቀመጠ፣ እጄ ሳላዘው እየሄደ። እንዲህ ያለ ቀን ሰው ይሰክራል። እትዬ «ሁልጊዜ እንዲህ ደስ ይልሻል?» አሉኝ። እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሴት «ግማሹን ዓመት፤ ግማሹን ደግሞ ክፍሌ ውስጥ» ትል ነበር። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቤ አንድ የሚያደምጠኝ ጆሮ አገኘሁና አፌን ሰይጣን ከፈተው። «እትዬ፣ ሥዕል ማለት ውጪ ነው!» አልኩ፣ ብሩሼን እንደ ሰይፍ ይዤ። «ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሠዓሊ ይሻግታል። ግድግዳ ዐይን ያሳውራል። እዚያ ቤት ስሆን ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ነው የሚመስለኝ፤ የምተነፍሰው እዚህ ስመጣ ነው።» እውነቱን ለመናገር ግማሹ ለማሳመር የተባለ ነው። ድንጋይ የተባለችውም የወንድሜ ሚስት እንጂ ክፍሉ አልነበረም። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ! እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ዐይናቸውን ጠረጉና «አባትሽ ይሄን ሳያይ መሞቱ» አሉ። አሸነፍኩ አልኩ በልቤ። ክፍሉ የኔ ነው። ሶፋው ባል ይፈልግ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻዋን ብርሃን አስገብቼ ጨረስኩ። እርጥቡን ሸራ ፊቱን ወደ ውጪ አድርጌ እንደ ጨቅላ ተሸክሜው ተመለስን፤ ታክሲ ውስጥ እትዬ በገዛ እጃቸው ከጥግ ያዙልኝ፣ አውራ ጣታቸው ላይ ሐምራዊ ቀለም ነክቷቸው ሊያስለቅቁት አልፈለጉም። እንዲያው ለወጉ «እትዬ፣ ዛሬ ስለ ክፍሉ ነገር…» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ተይው፣ እኔ አውቅበታለሁ» ብለው እጄን ጨበጡኝ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እኔም ተውኩት።

አሥር ሰዓት ላይ ሁላችንም ሳሎን ተሰበሰብን። እትዬና እኔ አዲሱ ሶፋ ላይ፣ ወንድሜ ከነከረባቱ በአሮጌው ጫፍ፣ ሚስቱ ሻይ ይዛ በመሀል፣ ልጅቷ ስልኳ ላይ። ሁለቱ ሶፋዎች ስለተቀራረቡ የኔና የወንድሜ ጉልበት ሊነካካ ምንም አልቀረው። ከወንድሜ ጋር በአንድ ቤት ሃያ ዓመት ስንኖር የምናወራው የውኃ መጥፋትና የመብራት መምጣት ብቻ ነው፤ ዛሬ ውኃውም መብራቱም ስለነበረ የምንለው አጣን። ወንድሜ በተነቃነቀ ቁጥር ላስቲኩ ስለሚጮህ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። መጨረሻ ላይ ሚስቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ፣ ያው በስልክ እንደነገርንዎ፣ ስለ ክፍሉ…»

እትዬ እጃቸውን አነሡ። «አይቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ይችን ልጅ ከናንተ ሁሉ የበለጠ አይቻታለሁ።» የወንድሜ ሚስት ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ሻዬን ፉት አልኩ፤ ከዚያ የበለጠ የጣፈጠኝ ሻይ አላስታውስም። «እኔ እሷን ሰነፍ፣ ቤት የምትውል፣ ዕድሏ የጠመመ ነበር የምላት። አልደበቅኩም፣ ለአባቷም ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ፀሐይ ላይ አምስት ሰዓት ስትቆም አየሁ። ወንድ አይችለውም! እናንተ ግን ምን አደረጋችኋት? አንድ ጓዳ ውስጥ ከሽንኩርት ጋር ቆልፋችሁባት ኖራችኋል!»

«ኧረ እትዬ፣ ማንም አልቆለፈባትም…» አለ ወንድሜ፣ ላስቲኩ እየጮኸ።

«ዝም በል! ደረቷ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ነው የምትኖረው፣ በአፏ ነገረችኝ። ግድግዳው ዐይኗን ሊያሳውራት ነው። ይቺ ልጅ ደጅ ናት፤ ሥራዋ ደጅ፣ ትንፋሿ ደጅ። ከዛሬ ጀምሮ ያንን እስር ቤት አላይም። ሶፋውን አስገቡበት፣ ይዘጋ፣ እሷም ነፃ ትውጣ።»

ብርጭቆዬን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። «እትዬ» አልኩ፣ «እትዬ በሞቴ፣ ክፍሉ ያስፈልገኛል። እኔ እኮ…»

«ይሉኝታ ነው» አሉ እትዬ፣ በፍቅር እያዩኝ። «እነሱን ላለማስቀየም ነው እንዲህ የምትይው፤ የአባትሽ ልጅ አይደለሽ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።»

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። «እውነት እንዲህ ብለሻል? ግድግዳ ምናምን?»

«ብያለሁ፤ ግን…» ከግን በኋላ ያለውን ማን ይሰማል። የወንድሜ ሚስት ገና ያልገባት መስላ አንዴ እትዬን አንዴ እኔን ስታይ ቆየችና፣ ሲገባት ዐይኗ እንባ አቀረረ። እውነተኛ እንባ ነው፣ አፈር ስሆን! «እታለም፣ እኔ ይሄን ያህል ስትሰቃዪ አላውቅም ነበር» ብላ አቀፈችኝ። እኔም በድንዛዜ አቀፍኳት። ከትከሻዋ በላይ «እርጥብ ሸራዎቹስ?» ስል «እሱ ቀላል ነው፣ ሶፋው ኋላ እንሰካቸዋለን» አለችኝ። ቀለሙ ይነካል አልኳት። «ላስቲክ አለው እኮ፣ ሶፋው አይበላሽም!» ብላ አጽናናችኝ።

«ዝናብ ሲመጣስ?» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ ልጅቷ እንኳ ከስልኳ ቀና አለች። «እትዬ፣ ሳምንት አይሞላውም እኮ፣ ሊዘንብ ነው። አራት ወር ሙሉ ይዘንባል። ደጅ ምን አለኝ? አራት ወር ምን ልሥራ?»

እትዬ በዚያች ሐምራዊ በነካት አውራ ጣታቸው ጉንጬን ዳበሱኝ። «ዝናብ ሲመጣማ ታርፊያለሽ፣ ልጄ» አሉ። «ደክሞሻል እኮ።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ልጅቷ። ስለ ሥራዬ ሃያ ዓመት አንድ ቀን ያልተስማማ ቤተሰብ፣ ስለ ዕረፍቴ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ከክፋት ቢሆን ኖሮ እታገል ነበር፤ ለክፋት ምላስ አላጣም፣ ቀኑን ሙሉ ስስለው የዋልኩት ጭምር አለኝ። ግን ሰማንያ ዓመት ያላዩትን ያሳየኋቸው ሴት፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ወግነው፣ እኔን ለማዳን ክፍሌን ወሰዱብኝ። ለዚህ ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚባለው። አልኩም። ማልቀስ ግን አምሮኝ ነበር፣ ሁሉም የደስታ ነው ብለው እንደሚስሙኝ ስላወቅሁ ተውኩት።

ወንድሜ ከረባቱን ፈታ፤ እትዬ ወደ መኝታ ቤት ገብተው ጎናቸውን አሳረፉ። የወንድሜ ሚስት ከመሳቢያ ሜትር አወጣችና ጠራችኝ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ጠረጴዛውን ወደ በሩ ገፍታዋለች፣ የዛሬውን ሸራ ግን በጥንቃቄ፣ እውነትም በጥንቃቄ፣ ጥግ አስይዛዋለች። መስኮቱ ሥር ቆማ የሜትሩን አንድ ጫፍ ሰጠችኝ፤ ያዝኩላት። ሜትሩ አጭር ነው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፤ እኩሌታው ላይ አለቀባት። ሁለት ጊዜ ለክታ ሁለት ጊዜ ቁጥሩ ጠፋት። ያ የማይዋዥቅ ብርሃን እሷም ላይ፣ ሜትሩም ላይ እኩል ወርዶ ነበር።

«ተይው በቃ» አለች ሜትሩን እየጠቀለለች። «አንቺ ዐይንሽ ልክ ያውቃል። ረጅሙ ሶፋ እዚህ መስኮት ሥር ይገባል?»

ግድግዳውን አየሁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። አይገባም ማለት አማረኝ፤ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ይገባል» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ይገባ ነበር።